የመጨረሻው እርግጠኛ ቦታ

በሜልበርን ዙሪያ ቅዳሜና እሑድ በእግር የሚጓዙ አማርኛ ተናጋሪዎች ባደረጉት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር ነው። ከጥቂት የቃላት እርማት በቀር እንደተነገረው ተጽፏል።

ክቡራንና ክቡራት፣ የተከበራችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ግብዣው ከልብ አመሰግናለሁ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ከዚህ አዳራሽ አራት ቡድኖች ለመጀመሪያ ጊዜ በ24 ሰዓት የሮጌይን፣ ማለትም በካርታና በኮምፓስ ጣቢያ የመፈለግ፣ ውድድር እንደሚሳተፉ አስተባባሪያችን ሲነግሩኝ ደስታም ስጋትም ተሰማኝ። የደስታዬ ምክንያት ግልጽ ነው። የስጋቴን ምክንያት ግን ንግግሬ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ እነግራችኋለሁና እስከዚያ እንዳትረሱብኝ አደራ እላለሁ።

እኔ በዚህ ስፖርት ዋንጫ ያነሳሁ ሰው አይደለሁም። ላለፉት 11 ዓመታት በየዓመቱ ሁለት ሦስት ጊዜ እየተወዳደርኩ አብዛኛውን ጊዜ መካከል ላይ፣ አንዳንድ ጊዜም ከመካከል በታች እጨርሳለሁ። ማሸነፍን የሚያስተምር ሰው ከፈለጋችሁ ሌላ መጋበዝ ነበረባችሁ፤ ሰው በምን በምን እንደሚሸነፍ ግን አበጥሬ አንጠርጥሬ አውቃለሁ።

ንግግሬን በአራት ከፍዬዋለሁ። አንደኛ፣ ውድድሩ ምን እንደሆነ፤ ሁለተኛ፣ ከመነሳታችን በፊት ጠረጴዛ ላይ የሚሠራው ሥራ፤ ሦስተኛ፣ ስንቅና ትጥቅ፤ አራተኛ፣ ሌሊቱ። ሦስተኛውን በፍጥነት አልፈዋለሁ። አራተኛው ላይ ግን እቆያለሁ፤ የመጣሁት በእውነቱ ስለ እርሱ ለመናገር ነውና።

አንደኛ፤ ውድድሩ ምንድን ነው?

ሮጌይኒንግ በካርታና በኮምፓስ ብቻ እየተመሩ፣ በዱር ውስጥ ተበታትነው የተቀመጡ ጣቢያዎችን በተወሰነ ሰዓት ውስጥ በቡድን ፈልጎ የማግኘት ውድድር ነው። የዓለም ሻምፒዮናው 24 ሰዓት ይፈጃል፤ አጠር ያሉ የ6፣ የ8 እና የ12 ሰዓት ውድድሮችም አሉ። አንድ ቡድን ከ2 እስከ 5 ሰው ይይዛል። በየጣቢያው ብርቱካንማና ነጭ ጨርቅ ተሰቅሎ ይጠብቃችኋል፤ ጣቢያዎቹ ግን እኩል ዋጋ የላቸውም። ቅርብና ቀላል የሆነው ጥቂት ነጥብ ያስገኛል፤ ሩቅና ስውር የሆነው ደግሞ ብዙ። ከየትኛው እንደምትጀምሩ፣ የትኛውን እንደምትተዉ፣ በየት በኩል እንደምትሄዱ የሚነግራችሁ ማንም የለም። አዘጋጆቹ ጣቢያዎቹን ሲዘረጉ እጅግ ብርቱ የሆነው ቡድን እንኳ ሁሉንም ለማዳረስ እንዲቸገር አድርገው ነው። የማራቶን ሯጭ መንገዱ ተሰምሮለት ይጠብቀዋል፤ እኛ ግን መንገዱን የምንሠራው ራሳችን ነን።

ሕጎቹ ጥቂት ናቸው፤ ነገር ግን ጥብቅ ናቸው። በሳተላይት አቅጣጫ የሚያሳይ መሣሪያም ሆነ የስልክ ካርታ መጠቀም ክልክል ነው። የቡድኑ አባላት እርስ በርስ በቀላሉ በሚደማመጡበት ርቀት አብረው መሄድ አለባቸው፤ አንዱ ቀድሞ ሮጦ ጣቢያውን ነክቶ ሌሎቹ ኮረብታው ላይ ተቀምጠው ሊጠብቁት አይችሉም። አንዱ ደክሞ ካቋረጠ ቡድኑ በሙሉ አብሮት ይመለሳል። የመዝጊያው ሰዓት ካለፈ በኋላ ለእያንዳንዱ ደቂቃ፣ የደቂቃ ክፋይም ብትሆን፣ 10 ነጥብ ይቀነሳል። ከ30 ደቂቃ በላይ የዘገየ ቡድን ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የለቀመው ነጥብ ሁሉ ይሰረዝበታል። እኔ አንድ ጊዜ 4 ደቂቃ ዘግይቼ 40 ነጥብ ተቀንሶብኛል። የመጨረሻዋን ጣቢያ ለመንካት የወጣነው ዳገት ያስገኘልን 30 ነጥብ እንደነበረ ስነግራችሁ ትርፍና ኪሳራውን ራሳችሁ አስሉት።

ታሪኩን በአጭሩ ላንሳ። የሜልበርን ዩኒቨርሲቲ የተራራ መውጣት ክበብ እ.ኤ.አ. በ1947 የ24 ሰዓት የእግር ጉዞ ውድድር ማካሄድ ጀመረ። ያ ልማድ ለዓመታት ሲያድግ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1976 እዚሁ ቪክቶሪያ ውስጥ የራሱ ማኅበር ተቋቋመለት፤ ስምም ወጣለት። ስሙ ከየትኛው ቋንቋ የመጣ ይመስላችኋል? ከግሪክኛ? ከላቲን? እኔ ለሁለት ዓመት ያህል የፈረንሳይኛ ቃል ይመስለኝ ነበር፤ ለሰውም እንደዚያ ብዬ አስረድቻለሁ። ስሙ የተገኘው ግን ከሦስት መሥራቾቹ ስም ነው፤ ከሮድ ፊሊፕስ፣ ከጌይል ዴቪስ እና ከኒል ፊሊፕስ። ሮ፣ ጌይ፣ ን። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1989 ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮናም እ.ኤ.አ. በ1992 በሰሜን ምሥራቅ ቪክቶሪያ፣ በቢችዎርዝ ተካሄደ። ከዚያ ወዲህ ሻምፒዮናው ካናዳን፣ ኒውዚላንድን፣ ቼክን፣ ኢስቶኒያንና ፊንላንድን አዳርሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ አሊስ ስፕሪንግስ አቅራቢያ ባለው ደረቅ ምድር ተደርጓል።

እዚህ ላይ ከነጥቤ ትንሽ ወጣ ልበልና የመጀመሪያ ውድድሬን ላጫውታችሁ። የጋበዘኝ የሥራ ባልደረባዬ፣ የመጣሁበትን አገር ስለሚያውቅ፣ ያቀረበልኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ “ትሮጣለህ አይደል?” አዎን፣ እሮጣለሁ። የዚያን ቀንም ሮጥን! የመነሻው ምልክት ሲሰማ ከሰዉ ሁሉ ቀድመን ተፈተለክን። ካርታውን በደንብ ያየነው ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በኋላ ነበር፤ ያን ጊዜም የሮጥንበት ሸንተረር የምንፈልገው ሸንተረር እንዳልሆነ ተረዳን። ወደኋላ ስንመለስ ከ65 ዓመት በላይ በሆኑት ምድብ የሚወዳደሩ ሁለት ሴቶች ቀስ ብለው፣ እየተጨዋወቱ፣ ካርታቸውን በአውራ ጣታቸው እየተከተሉ ሲያልፉን አየናቸው። በማግስቱ ውጤቱ ሲነበብ የእነርሱ ነጥብ የእኛን እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሩጫዬ ለማንም አላወራም።

ሁለተኛ፤ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራው ሥራ።

ካርታው የሚታደለው ውድድሩ ከመጀመሩ ጥቂት ሰዓታት ቀደም ብሎ ነው። ይህን ጊዜ ጫማ በማሰርና ሰላምታ በመለዋወጥ የሚያባክኑ ብዙ ናቸው። እናንተ ግን እባካችሁ ጠረጴዛ ያዙ፤ ክር፣ መርፌዎች፣ እርሳስና ካርታው ተዘርግቶ በየጣቢያው መርፌ የሚተከልበት ወፍራም ካርቶን ይኑራችሁ። ክሩ ምን ያደርጋል? ስሌቱን አብረን እንሥራው። ካርታችሁ አንድ ለ25,000 ከሆነ፣ 4 ሳንቲ ሜትር ማለት መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው። ቡድናችሁ በ24 ሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እንሄዳለን ብሎ ቢገምት 2 ሜትር ክር ይቆርጣል ማለት ነው። ግን ተጠንቀቁ! ክር ቀጥ ይላል፤ እግር ግን ገደል ይዞራል፣ ቁጥቋጦ ይሸሻል፣ አጥር ይከተላል። በእኔ ልምድ እግር ከክር ሩብ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ የሚቆረጠው ክር የ40 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 1 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ነው። ያን ክር ከዋናው ሰፈር፣ ማለትም ከውድድሩ መነሻና መድረሻ፣ ተነስቶ በየጣቢያው መርፌ እያለፈ ወደ ሰፈሩ እስኪመለስ ድረስ አዙሩት። ክሩ ካጠረ ጣቢያ ይቀነሳል። ክሩን የሚያስረዝም ሰው ከመካከላችሁ አይጠፋም፤ “ትንሽ ፈጠን ካልን እኮ” ይላችኋል፤ አትስሙት።

ርቀት ብቻውን ደግሞ አይበቃም፤ ዳገት አለ። ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ቀላል ስሌት ዛሬም ይሠራል፤ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ሌላ አንድ ሰዓት። 4 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ 300 ሜትር የምትወጡ ከሆነ 48 ደቂቃና 30 ደቂቃ፣ በድምሩ 78 ደቂቃ ይፈጅባችኋል። ይህም ለብርቱ ተጓዥ፣ በቀን፣ እግር በማይይዝ መሬት ላይ ነው። በሌሊት ጥሻ ውስጥ እኔ እጥፍ አድርጌ ነው የማስበው።

ስለ ኮምፓስ አንድ ነገር ልጨምር። በቪክቶሪያ የኮምፓሱ መርፌ ከእውነተኛው ሰሜን 11 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ኪሎ ሜትር ስትሄዱ 200 ሜትር ያህል ያስታችኋል፤ ጨለማ ውስጥ 200 ሜትር መሳት ማለት ደግሞ ጨርቁን አለማየት ማለት ነው። ደግነቱ የሮጌይን ካርታዎች አብዛኛውን ጊዜ መርፌው የሚያመለክተውን ሰሜን ተከትለው የተሰመሩ መስመሮች ስላሉባቸው መደመርና መቀነስ አያስፈልጋችሁም። ቢሆንም መስመሮቹ የየትኛው ሰሜን እንደሆኑ ካርታው ጥግ ላይ ሳታነቡ አትነሱ።

መስመሩን ስታወጡ ደግሞ ወደ ጣቢያው በቀጥታ አታነጣጥሩ። በመጀመሪያ በጨለማም ቢሆን ልትስቱት የማትችሉትን ነገር ፈልጉ፤ ኩሬ፣ የአጥር ማዕዘን፣ የሁለት ፈፋዎች መገናኛ። እዚያ ድረስ በፍጥነት ሂዱ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አጭር ርቀት እርምጃችሁን እየቆጠራችሁ በጥንቃቄ ግቡ። ጣቢያው በአንድ ፈፋ ዳር የሚገኝ ከሆነም ሆን ብላችሁ ወደ ግራው ሳቱ። ምክንያቱ ምንድን ነው? በቀጥታ አነጣጥራችሁ ፈፋው ላይ ደርሳችሁ ጨርቁን ብታጡ ወደ ቀኝ ይሁን ወደ ግራ አታውቁም። ሆን ብላችሁ ወደ ግራ ከሳታችሁ ግን ወደ ቀኝ ትታጠፋላችሁ፤ አለቀ።

የመጨረሻዎቹን ሦስት ሰዓታት ደግሞ ለሰፈሩ ቅርብ ለሆኑ፣ አንዱን ትቶ ወደ ሌላው ለመዝለል ለሚመቹ ጣቢያዎች አስቀምጡ። ዕቅዳችሁ የሚሰበረው በዚያ ሰዓት ነውና በቀላሉ የሚሰበር ይሁን።

ሦስተኛ፤ ስንቅና ትጥቅ።

ብዙ አልልም። ጫማችሁ አዲስ አይሁን። ቅልጥም መሸፈኛ ልበሱ። ውሃ የሚገኝባቸው ቦታዎች ካርታው ላይ ተመልክተዋል፤ ዕቅዳችሁ በእነርሱ በኩል ይለፍ። በዋናው ሰፈር ትኩስ ምግብ ሌሊቱን ይቀርባል፤ ማረፍም ይፈቀዳል። በግንባር የሚታሰር ባትሪ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ፣ ለቡድኑ ደግሞ አንድ መለዋወጫ ያዙ።

ኮምፓሳችሁን የገዛችሁት ግን የት ነው? ይህን የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። የእኔ የመጀመሪያ ኮምፓስ ከሰሜኑ የምድር ክፍል የመጣ ስጦታ ነበር። የመርፌው ሚዛን ለሰሜኑ ስለተስተካከለ፣ እዚህ ደቡብ ላይ አንዱ ጫፉ ወደታች እየተጫነ የሳጥኑን ወለል ይታከክ ነበር፤ ተጣብቆ ይቆይና ነቅነቅ ሲደረግ ብቻ ይዞራል። ሁለት ውድድር ሙሉ ጥፋቱ የእኔ እየመሰለኝ ራሴን ስወቅስ ከርሜያለሁ። ስለዚህ ለዚህ አካባቢ ወይም ለመላው ዓለም የተስተካከለ መሆኑን አረጋግጡ።

እባብን በተመለከተ፣ ውድድሮቹ የሚበዙት በቀዝቃዛው ወራት ስለሆነ የማግኘት ዕድላችሁ አነስተኛ ነው፤ ቢሆንም ሰፊ የመለጠጥ ፋሻ ከቦርሳችሁ አይጥፋ። የተነደፈው ሰው ከእንቅስቃሴ ይከልከል፤ የተነደፈው እጅ ወይም እግር በሙሉ ጥብቅ ተደርጎ ይጠቅለልና በእንጨት ይደገፍ። በዚህ አገር የሚገኙ እባቦች መርዝ የሚዛመተው በአብዛኛው በሊምፍ ሥርዓት፣ ማለትም ከደም ሥሮች ውጭ የሰውነት ፈሳሽ በሚጓዝባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች፣ ውስጥ ስለሆነ፣ ጥቅሉና አለመንቀሳቀሱ ያዘገየዋል። ቁስሉን መብጣትና መምጠጥ የለም።

ፊሽካም ያዙ፤ በአንገት ላይ፣ ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን። የአደጋ ፊሽካ የሰማ ቡድን ሁሉ ውድድሩን አቋርጦ መርዳት ግዴታው ነው። አንድ ሌሊት የ90 ነጥብ ጣቢያ ልንነካ መቶ ሜትር ሲቀረን ፊሽካ ሰምተን ተመልሰናል፤ ቁርጭምጭሚቱ የዞረ ሰው ነበር። ከእርሱ ጋር ሦስት ሰዓት ቆየን። ያቺን ጣቢያ እስከ ዛሬ አላየኋትም።

አራተኛ፤ ሌሊቱ።

አሁን የመጣሁበት ጉዳይ ላይ ደረስኩ። በቀን ሁላችሁም ካርታ ታነባላችሁ። ኮረብታው ይታያል፤ ሸለቆው ይታያል፤ ፀሐይዋም እኩለ ቀን ላይ በሰሜን በኩል ቆማ ትረዳችኋለች። ሌሊት ግን ዓለማችሁ የባትሪያችሁ ብርሃን የሚደርስበት ያህል ብቻ ይሆናል። ከዚያ ክብ ውጭ ካንጋሮ ዘሎ ሲያልፍ መሬቱ ድም ድም ይላል፤ ሣሩ ላይ ደግሞ እንደ ጤዛ የሚያብረቀርቁ አረንጓዴ ነጥቦች ታያላችሁ፤ የሸረሪት ዓይኖች ናቸው። የባሕር ዛፉ ግንድ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆንባችኋል። በዚያች ጠባብ ክብ ውስጥ የሰው ልጅ ከሁሉ የሚቀለው ሥራ ምን ይመስላችኋል? ራሱን ማሳመን ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ቦታው በማዕከላዊ ቪክቶሪያ የሚገኘው የወርቅ ምድር ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1851 ጀምሮ ወርቅ ፈላጊዎች የቆፈሩት፣ ያራገፉትና ትተውት የሄዱት መሬት። ቡድናችን ሦስት ሰው ነበር፤ እኔ፣ የ23 ዓመቱ የወንድሜ ልጅ እና አንዲት የ66 ዓመት ጡረተኛ መምህርት። ካርታውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ አንዲት ኩሬ አግኝተን፣ ውሃ ጠጥተን፣ የ80 ነጥብ ጣቢያ ፍለጋ ተነሳን። ዕቅዱ ቀላል ነበር፤ ሸንተረሩን ተሻግሮ፣ ወደ ደቡብ የሚወርድ የመኪና ዱካ ይዞ፣ 600 ሜትር ሄዶ፣ ሁለት ፈፋዎች የሚገናኙበት ቦታ መድረስ።

ሸንተረሩን ተሻገርን። እግራችን ሥር ሰፋ ያለ ደልዳላ ነገር አገኘን። “ዱካው ይኸውላችሁ” አልኩና መራሁ። ሃያ ደቂቃ ሄድን። ዱካው መውረድ ነበረበት፤ አልወረደም። “መሬቱ እዚህ ላይ ለጥ ያለ ነው” አልኩ። አንዲት ደረቅ ፈፋ አቋረጥን፤ ካርታው ላይ የለችም። “ትንሽ ስለሆነች አልሣሏትም” አልኩ። ዱካው ጠመዘዘ፤ “ለዛፍ ብሎ ዞሮ ነው” አልኩ። እያንዳንዱ ማስረጃ እየመጣ ሲያንኳኳ በየተራው ምክንያት እየሰጠሁ አሰናበትኩት። ካርታው መሬቱን አልመስል ሲል መሬቱን ካርታውን እንዲመስል አድርጌ በልቤ እንደገና ሣልኩት። ይህን ያደረግሁት ሰነፍ ስለሆንኩ አይደለም፤ ካርታ ማንበብ ስለማልችልም አይደለም። ካርታውን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ከኋላዬም ሁለት ሰዎች አምነው ስለሚከተሉኝ ነው።

የተከተልነው ነገር ዱካ አልነበረም። የጥንቶቹ ወርቅ ፈላጊዎች ውሃ ለማምጣት የቆፈሩት ቦይ ነበር። እንዲህ ያለ ቦይ ውሃው ቀስ ብሎ እንዲሄድ ተደርጎ ስለሚቆፈር ከኮረብታው ወገብ ላይ ከፍታውን ጠብቆ ይዞራል፤ የሚወርደው ለዓይን በማይታይ መጠን ነው። እኛም እንደ ውሃው ቀስ ብለን ዙሪያውን ዞርን።

ከኋላ መምህርቷ “ቁሙ!” ብለው ሲጮኹ ቆምኩ። ከፊቴ አምስት እርምጃ ላይ የዛገ ሽቦ መሬት ላይ ተኝቷል፤ ከሽቦው ወዲያ የማዕድን ጉድጓድ አለ። ባትሪዬን ወደ ውስጥ ባበራው ወለሉ አልታየኝም። ለጥቂት ጊዜ ማናችንም አልተናገርንም። ከዚያ እሳቸው ግንድ ላይ ተቀመጡ፤ መብራታቸውንም አጠፉ። “የት ነን?” ብለው አልጠየቁኝም። እንደዚያ ቢሉኝ መልስ አላጣም ነበር፤ ሌሊቱን ሁሉ መልስ ስሰጥ ነበርኩና። የጠየቁኝ ሌላ ነገር ነው። “ሦስታችንም ያለ ጥርጥር የተስማማንበት የመጨረሻው ቦታ የት ነበር?” አሉ።

ጸጥ አልኩ። ኩሬዋ ነበረች። ከኩሬዋ በኋላ ያለው ሁሉ የእኔ ቃል ብቻ ነበር።

“ወደፊት ትንሽ ብንሄድ እናገኘዋለን” ብዬ ለመሟገት ሞከርኩ፤ እሳቸው ግን ተነስተው ወደኋላ መሄድ ጀምረው ነበር። የተመለስነው 35 ደቂቃ ሄደን ነው። ከኩሬዋ እንደገና ተነስተን፣ አሁን ሦስታችንም ካርታ ይዘን፣ ጣቢያውን በ25 ደቂቃ አገኘነው። በአጠቃላይ ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ጠፋብን፤ በዚህም ምክንያት ለንጋት ያቀድናቸውን ሦስት የምሥራቅ ጣቢያዎች፣ በድምሩ 210 ነጥብ፣ ተውናቸው።

የሚቆጨኝ ግን ነጥቡ አይደለም። በመመለሻው መንገድ ላይ የወንድሜ ልጅ ጠጋ ብሎ ምን አለኝ መሰላችሁ?

“ጋሼ፣ ኮምፓሱ እኮ ቦዩ ላይ ከወጣን ጀምሮ ምሥራቅ ነበር የሚለው።”

“ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?”

“እርስዎ እያወቁ ያደረጉት መስሎኝ።”

እያወቁ ያደረጉት መስሎኝ! እህቶቼና ወንድሞቼ፣ የስጋቴ ምክንያት ይህ ነው። የአራቱን ቡድኖች ስም ዝርዝር አይቻለሁ። በእያንዳንዱ ቡድን ውስጥ አንድ አንድ ታላቅ አለ፤ ሁሉም የሚያከብሯቸው፣ ቃላቸው የማይታጠፍ። አብረዋቸው ያሉት ደግሞ ልጆቻቸው፣ የወንድምና የእህት ልጆቻቸው፣ ወይም በሥራ የሚያስተዳድሯቸው ናቸው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህ የሚያስመሰግን ነገር ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ ጉድጓድ በበዛበት መሬት፣ ትክክለኛውን አቅጣጫ የሚያየው የታናሹ ኮምፓስ ሊሆን ይችላል፤ ታናሹ ግን ዝም ይላል። ዝም የሚለው ፈሪ ስለሆነ አይደለም፤ አክብሮት ነው። ያ አክብሮት እኔን ከጉድጓዱ አፍ አምስት እርምጃ ላይ አድርሶኛል።

ምን እናድርግ? “ልጆች፣ ያያችሁትን በነፃነት ተናገሩ” ማለት አይበቃም። እኔም ብዬው ነበር፤ መኪና ውስጥ ሳለን፣ ጠዋት። ሰው ታዝዞ ብቻ ደፋር አይሆንም። ስለዚህ እኛ ከዚያ ሌሊት በኋላ የንግግር ተራ አወጣን። በየሃያ ደቂቃው፣ እንዲሁም በእያንዳንዱ ጣቢያ ላይ፣ እንቆማለን። ካርታ ሁላችንም እንይዛለን። መጀመሪያ የሚናገረው በዕድሜ ትንሹ ነው፤ ያለንበትን ቦታ በጣቱ ያሳያል፤ ለምን እንደዚያ እንዳሰበም ይናገራል። ቀጥሎ መካከለኛው። የሚመራው ሰው፣ ማለትም ታላቁ፣ መጨረሻ ይናገራል፤ እስከዚያ ድረስ ፊቱንም ቢሆን ዞር ያደርጋል፤ ታናሹ ከፊቱ ላይ መልስ እንዳያነብ። ሦስቱ ጣቶች አንድ ቦታ ካላረፉ አንድ እርምጃ አንሄድም። ይህ ሁሉ ሲደረግ አንድ ደቂቃ አይሞላም።

መጀመሪያ ላይ አሳፍሮኛል፤ አልደብቃችሁም። የወንድሜ ልጅ ሦስት ጊዜ ሲሳሳት እኔ በሆዴ “ይኸው” ብያለሁ። በአራተኛው ጊዜ ግን የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ። ኮርቻ መሰል ቦታ ላይ ቆመን፣ እርሱ ጣቱን እኔ ካሰብኩት ሸንተረር ወዲያ ማዶ አሳረፈ፤ “ቅድም ያቋረጥነው ፈፋ ወደ ሰሜን ነው የሚፈስሰው፤ በእርስዎ በኩል ያለው ግን ወደ ደቡብ ነው” አለ። ያ የንግግር ተራ ባይኖር ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር አውቃለሁ፤ ቀድሜ እናገርና እርሱ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። የዚያን ቀን ወደ ጣቢያው የመራን እርሱ ነው።

የእናንተ ቡድን ታላላቆች፣ እባካችሁ፣ ይህን ሥርዓት ውድድሩ ዕለት አትጀምሩት፤ ዛሬ ጀምሩት። ለዚህም ብዬ ያለፉ ውድድሮች ካርታዎች አምጥቻለሁ፤ በር አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። በየቡድናችሁ ሆናችሁ ተቀመጡ። ክሩን የሚቆርጠው፣ የመጀመሪያውን መርፌ የሚተክለውም በዕድሜ ትንሹ ይሁን። ለዕቅዱ 40 ደቂቃ እሰጣችኋለሁ፤ ከዚያ እየዞርኩ ከእያንዳንዱ ቡድን አንድ ሰው “ለምን በዚህ በኩል?” እያልኩ እጠይቃለሁ፤ የምጠይቀው ደግሞ ማንን እንደሆነ ገብቷችኋል። እርሳስ ያልያዘ ካለ ቦርሳዬ ውስጥ ትርፍ አለ።